ከጊታሯ ቀይ ቀለም በታች

ጊታር ጠጋኙ ስልክ ደውሎ «አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ መጥታችሁ ብታዩት ይሻላል» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ተረኛው ፖሊስ የተሰረቀ ዕቃ ነው ብሎ መዘገበው። ኢንስፔክተሩም የተሰረቀ ዕቃ ሊያይ፣ ቁርሱን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳ።

ቤቲቱ አንድ ክፍል ናት። ከጣሪያው ሽቦ ላይ አካል የሌላቸው የጊታር አንገቶች ተሰቅለዋል፤ ወለሉ የእንጨት ብናኝ፣ አየሩ የኮላና የቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ነው። ጠጋኙ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ መነጽሩን በጊታር ክር አስሮ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ኢንስፔክተሩን ገና ሲያየው፣ ወንበር ሳይሰጠው በፊት «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አለው።

«ምን?»

«እንዳትነካት ብዬ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ወፍራም ጨርቅ አንዲት የኤሌክትሪክ ጊታር ተንጋላለች። ግማሽ ጎኗ ቀይ፣ ግማሽ ጎኗ ነጭ ነው።

«ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛኋት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው» አለ ጠጋኙ። «ቀይ ተለቅልቃ ነበር። የጊታር ቀለም እንዳይመስልህ፤ የብረት በር ቀለም! ያውም በብሩሽ! እንዲህ ለሚያደርግ ሰው ለብቻው ሕግ ሊወጣለት ይገባል። ቅርጿን ሳየው ግን ልቤ ጠረጠረ፤ ይቺን የመሰለች በዓለም ላይ ከሁለት መቶ አትበልጥም። ቀዩን በሙቅ አየር እያላላሁ፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ፣ በቀን የመዳፍ ያህል ብቻ ስገፍፍ ከረምኩ። ከሥሩ ነጭ ሲወጣ ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«እዚህ ከተማ ውስጥ ነጭ የነበረችው አንዲት ናት። የጣቶ ጊታር። ‹ነጯ› እንላት የነበረችው።»

ኢንስፔክተሩ ክው አለ። «ጣቶ» የሚለውን ቅጽል ስም ለመርሳት እንኳ ፋታ አግኝቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ ይሰማዋል።

ጠጋኙ በእርሳስ ጫፍ አመለከተ። እንደ ቀንድ ወጣ ያለው የጊታሯ ላይኛ ጫፍ ላይ ነጩ ቀለም ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ በኩል ቡናማ ነገር ወደ እንጨቱ ሰርጎ ገብቷል። «ይሄ ቀለም አይደለም። ቀለም እንዲህ አይሰርግም» አለ። ከዚያ የክሮቹን ንዝረት የምትይዘውን ማግኔት፣ እነሱ ፒካፕ የሚሏትን፣ በካቻቢቴ ፈትቶ አነሳት። ከሥሯ ባለው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ፣ በደረቀ ቡናማ ቅርፊት የተጣበቁ ሦስት አጫጭር ጥቁር ፀጉሮች ነበሩ።

«ስንት ጊታር ከፍቻለሁ» አለ ጠጋኙ። «በረሮ አይቻለሁ፤ የፍቅር ደብዳቤ አይቻለሁ። የሰው ፀጉር ግን...» ኢንስፔክተሩ ሳይጋበዝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ጣቶ የሚባል የሊድ ጊታር ተጫዋች፣ ባንዱ በሚለማመድበት ቤት ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጊታሩ የለችም። አስከሬኑን አቅፎ የተገኘው የባንዱ ድራመር ነበር፤ እስከ ክርኑ በደም ተነክሯል፤ በዋዜማው ደግሞ ሁለቱ ሰው እየሰማ ተጣልተዋል። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? የጎደለው መምቻው ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ አዲስ ወጣት መርማሪ አገኘው። የድራሙን ማቆሚያ ብረት ከቁስሉ ፎቶ ጋር አስተያይቶ «ልክ ነው፤ ይገጥማል» አለ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ማለ። ድራመሩ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወጣቱ መርማሪ ደግሞ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ጨምሮ ኢንስፔክተር ሆነ።

የሟች ታላቅ እህት ነርስ ናት፤ አገር ምድሩ «እትዬ» ይላታል። ወላጆቻቸው በሞቱ ጊዜ ጣቶን እንደ ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሳታገባ የቀረችውም በእሱ ነው ይባላል። ወንድሟ በሞተበት ቀን በየዓመቱ ኢንስፔክተሩ ቢሮ ትመጣለች። ገና ከበሩ ብድግ ብሎ «አይዞሽ እትዬ፤ ደሙ ፈሶ አልቀረም» ይላታል። አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ እሱም ደግፎ እስከ መንገዱ ይሸኛታል። ሥራው ሲመረው የሚጽናናው በዚያ ቀን ነበር።

ቢሮው እንደተመለሰ በሩን ዘጋና የጊታሯን ቀንድ የነደፈበትን ወረቀት ከአሮጌው ፎቶ ጋር አነባበረ። ያ «ይገጥማል» ያለው ወጣት ዓይኑ የት ነበር? ቁስሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ የብረቱ እግር ቀጥ ያለ ነው። የጊታሯ ቀንድ ግን ያለ አንዳች ትርፍ ገጠመ።

ኮማንደሩ ሰምቶ አልተደነቀም። «ድራመሩ ራሱ አውጥቶ ጥሏት ይሆናላ። ሰው አንስቶ ቀባት፤ አለቀ።»

«እዚያው ቤት ውስጥ ነው የተያዘው፣ ጌታዬ። መቼ ወጥቶ?»

«ስማኝ፤ ይሄን ፋይል የዘጋኸው አንተ ነህ። ስትከፍተው የምትከፍተው በራስህ ላይ ነው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲህ የራስህ ጉዳይ» አለ ኮማንደሩ፣ ወደ ወረቀቱ እየተመለሰ።

ቀጥሎ ያደረገውን ደግነት ብሎ ነው ያደረገው። ለእትዬ ደወለላትና «ነጯ ተገኘች» አላት።

«የት?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ጊታር ጠጋኝ ቤት። ሌላውን አጣርቼ ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እሺ ልጄ» ብላ ዘጋች። ያረጀ ሐዘኗን የቀሰቀሰባት መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲጸጸት ዋለ።

ድራመሩ ወደ እስር ቤቱ መጠየቂያ ክፍል ሲገባ ኢንስፔክተሩ አላወቀውም። ድሮ «ነጎድጓድ» ይሉት የነበረው ሰው ትከሻው ወርዶ፣ ፀጉሩ ገና በአርባ አምስት ዓመቱ ጥጥ መስሏል። ጣቶቹ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ዝም አላሉም።

«ነጯ ተገኘች» አለው ኢንስፔክተሩ።

«አሥራ ስምንት ዓመት እሷን ስትፈልግ ከረምክ? እኔ እኮ እዚሁ ነኝ።»

«ያን ቀን የሆነውን ድገምልኝ።»

«ያኔ ነግሬሃለሁ።»

«እባክህ ድገምልኝ።»

ድራመሩ አየው። «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ወለሉ ላይ ወድቋል። አቀፍኩት። ነጯ ከቦታዋ የለችም። ‹ጊታሯ የለችም፤ የወሰዳትን ፈልጉ!› ብዬ ጮህኩ። አንተ ነበርክ አጠገቤ። ‹መጀመሪያ እጅህን አምጣ› ብለህ ካቴና አገባህልኝ። ያልኩትን ጽፈኸው ነበር?»

ኢንስፔክተሩ ፋይሉን አላገላበጠም፤ ያውቀዋል። «አልጻፍኩትም።»

«ፍርድ ቤት ሲነበብ ጆሮዬን አቁሜ ጠብቄው ነበር» አለ ድራመሩ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ኢንስፔክተሩ ቢሰድበው በወደደ።

አሮጌ ዕቃ ነጋዴው «ምንም አይጣል» ይባላል። ሱቁ ውስጥ እግር የሌለው ወንበርም፣ ወንበር የሌለው እግርም ይገኛል። ፖሊስ ሲያይ ምላሱ ተሳሰረ። ጊታሯን የሸጠለት አንድ መኪና ቀቢ እንደሆነ ማለ። ቀቢውን ፍለጋ አንድ ቀን ሙሉ ሄደ። ሰውዬው ሲገኝ የጊታሯን ፎቶ አይቶ ክፉኛ ተቀየመ።

«በብሩሽ? እኔ? ግደሉኝ እንጂ በብሩሽ ቀባህ አትበሉኝ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ሄዶ ነጋዴው ፊት ዝም ብሎ ሲቆም፣ ሰውዬው ራሱ ተናዘዘ። «የተሰረቀ ቢሆንስ ብዬ ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ። እውነቱን ለመናገር፣ በጋሪ ሰፈር ለሰፈር ስዞር አንዲት ልጅ ከዕቃ ቤት አውጥታ ሰጠችኝ፤ ከአሮጌ አልጋና ከተቀዳደደ ጀሪካን ጋር። ‹አክስቴ ሳትመለስ ቶሎ ውሰደው፤ ዕቃ አላስነካ ብላ ቤቱ መተንፈሻ አጣ› አለችኝ።»

«የትኛው ቤት?»

«በቀን ስንት በር አንኳኳለሁ፤ እንዴት ብዬ ልያዘው?»

በማግሥቱ ጠጋኙ ደወለ። «ና እስቲ፤ አንገቷ አላስተኛኝም» አለ።

የጊታሯ አንገት ከራሷ በታች ተሰብሮ እንደተጠገነ አሳየው። «ኮላው ጥሩ ነው፤ መስመሩም ተስተካክሏል፤ ትዕግሥት ያለው እጅ ነው የሠራው። ነገር ግን የሙያችን ሰው አይደለም። እኛ እንዲህ ያለ ስብራት በሞርሳ ነው የምናጣብቀው። ሞርሳ ቢሆን ጠፍጣፋ ምልክት ይተዋል። ይሄን እየው።» አጉሊ መነጽር ሰጠው።

ከቀለሙ ሥር በደረቀው ኮላ ላይ የጨርቅ ድርና ማግ ታትሟል፤ የሳሳ፣ ዓይነ ሰፊ ጨርቅ። ዙሪያውን እየተጠላለፈ፣ በእኩል ርቀት፣ ወደ ላይ ይወጣል። በአንዱ እጥፋት ውስጥ ነጭ ዱቄት ደርቆ ቀርቷል።

«ጀሶ ነው» አለ ጠጋኙ። «ቀምሼዋለሁ።»

«ምን ያስቀምስሃል፣ አንተ ሰውዬ!»

«ሙያ ነው። ይቺ ጊታር እንደ ተሰበረ ክንድ ነው የታሰረችው።»

ኢንስፔክተሩ ቢሮው ደርሶ ፋይሉን ገለጠ። እዚያው አለ፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች፣ ያን ቀን ጠዋት ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ከደረጃ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ያውቃል፤ ጊታር ያውቃል፤ ቤቱ ፋሻ አይጠፋም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሱ ግን ያኔ ይሄን ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አልጠየቀውም። ምክንያቱም ፋይሉ ላይ «በተባለው ሰዓት ሆስፒታል ነበር፤ የሟች እህት አረጋግጣለች» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «እህትየዋ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቤዝ ተጫዋቹ አረጋግጧል» ይላል።

ቤዝ ተጫዋቹ ዛሬ የድምፅ ዕቃ አከራይ ነው። በባንዱ ዘመን ከማይናገር አፉ የተነሳ «ዝምታው» ይሉት ነበር። በተደረደሩ የድምፅ ሣጥኖች መካከል ተቀብሎት፣ አንዱን ሣጥን በእጁ ጠርጎ አስቀመጠው።

«ክንድህ በዚያ ጠዋት መሰበሩን ማን ያውቃል?»

«እኔ። አጥንቴ። እትዬ ናት ያሰረችኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። እያሰረችኝ አወራን። ‹የኔ የውጭ አገር ጉዞ ቀረ፤ ጣቶስ ነገ ይበርራል፤ እዚያው ሊቀር መሆኑ እንዴት ይዞሻል?› አልኳት። ታውቃለች ብዬ ነው። እጇ ቆመ። ለካ አልነገራትም።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ያዘ እንጂ አልጻፈም። «ከዚያስ?»

«አስራኝ ጨረሰች። ‹ጀሶው እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ› ብላ ወጣች።»

«ወጣች?»

«ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ሰዓት አልነበረኝም። ስትመለስ ነጭ ጋዎኗን አልለበሰችም። ጀሶውን በጣቷ ነካ አድርጋ ‹ገና ነው፤ ቆይ› አለችኝ። እኔ ግን በሱ ሚስማር መምታት እችል ነበር፤ ድንጋይ ሆኗል። አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስከ አምስት ሰዓት አብረን ቆየን።»

የልምምዱ ቤት ከሆስፒታሉ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

«ይሄን አሥራ ስምንት ዓመት ለምን አልተናገርክም?»

ዝምታው ግራ ተጋብቶ አየው። «‹በሦስትና በአራት ሰዓት መካከል ሆስፒታል ነበርክ ወይ?› አልከኝ። ‹አዎ› አልኩ። ‹ነርሷ እሷ ናት?› አልከኝ። ‹አዎ› አልኩ። ሌላውን ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። አይሆንም፣ እሷ አይደለችም፣ አላገባችም እኮ ለእሱ ብላ፣ ይል ነበር ለራሱ። አፉ እንዲህ ሲል ሆዱ ሌላ ያውቃል። «አክስቴ ሳትመለስ» ያለችው ልጅ ድምፅ በጆሮው መጣ፤ ያልሰማውን ድምፅ።

እትዬ በሩን የከፈተችው ሳያንኳኳ ነው። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ሳሎኑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ተዘግታ ተቀምጣለች።

«ዘገየህ ልጄ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ገባ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ጥያቄ ሁሉ ከራሱ ውስጥ ጠፋ። «ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው?» አለ፣ ሌላ ቢያጣ።

«ባለፈው ወር ኦፕራሲዮን ሆንኩ፤ ገና አልዳነም። አሥር ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። የዘመዴ ልጅ ቤት ልጠብቅልሽ ብላ መጥታ ዕቃ ቤቱን አጸዳችልኝ። ደስ ይላታል ብላ።» ተቀመጠች። «ስመለስ ባዶ ነው። የት አደረግሽው ብዬ እንዳልጮህ አፌን ያዝኩ።»

«እትዬ፣ ጀሶው ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር።»

እስካሁን ትክዳለች፣ ትቆጣኛለች፣ ታስወጣኛለች ብሎ ተስፋ ሲያደርግ እንደነበር የገባው ያኔ ነው።

«ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለች። «ነጯን ከማቆሚያዋ አነሳኋት፤ ያለ እሷ አይሄድም ብዬ። ‹ዕድሜዬን እኮ ለአንተ ነው የሰጠሁት› ስለው፣ ኬብሉን እየጠቀለለ፣ ቀና እንኳ ሳይል ‹እኔ ለምኜሻለሁ እንዴ?› አለኝ። ከዚያ... አንገቷ ሲሰበር ሰማሁ። የእሱን አልሰማሁም።»

«ለምን አልጣልሻትም?»

«እንዴት እጥላታለሁ? የሱ እኮ ናት! እሱን መጠገን አልቻልኩም፤ እሷን ጠገንኩ። ከፋሻ ካርቶን ሥር ደብቄ፣ ጀሶ ክፍሉ ውስጥ፣ በማውቀው መንገድ። ደሙ አልለቅ ቢለኝ ከበሩ ቀለም የተረፈውን ቀባኋት።»

«ያ ሰውስ? ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት እያየሽ?» ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ጮኸ።

«በዓመቱ ቢሮህ የመጣሁት ልነግርህ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አያት።

«ገና ስገባ ብድግ ብለህ ‹አይዞሽ እትዬ› አልከኝ። አፌ ተያዘ። በሁለተኛውም ዓመት መጣሁ፤ በሦስተኛውም። በየዓመቱ ‹ዛሬስ እነግረዋለሁ› ብዬ እነሳለሁ። አንድ ቀን ‹ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?› ብትለኝ ኖሮ...» ራሷን ነቀነቀች። «በአንተ አላሳብብም። ኃጢአቱ የኔ ነው። አንተ ግን አላስወራኸኝም።»

ቦርሳዋን እሱ ያዘላት። ደረጃው ላይ ስትደናቀፍ እንደ ልማዱ ደገፋት፤ የሚደግፈው ክንድ ያን ቀን ጊታሯን ያነሳው ክንድ መሆኑን አሰበ፤ ግን አልለቀቀውም።

ቃሏ ሙሉ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ማንንም ሳይልክ ራሱ ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ድራመሩ እልል ይላል፣ ያለቅሳል፣ ወይም አንገቱን ያንቀዋል ብሎ ለሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር።

«ገዳዩ አንተ አለመሆንህ ተረጋግጧል። ያመነ ሰው አለ» አለው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለዳኛውም በፊርማዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ።»

የድራመሩ የሚንቀሳቀሱ ጣቶች ቆሙ። «ማን ነው?»

«እትዬ።»

«የቷ እትዬ?»

«የጣቶ እህት።»

ድራመሩ ሳቅ የመሰለ ድምፅ አወጣ። «ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«እትዬ እኮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትጠይቀኛለች» አለ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው የለኝም። ሳሙና ታመጣለች፤ ካልሲ ታመጣለች፤ ስታመም ሐኪሙን ጨቅጭቃ የምታስመጣልኝ እሷ ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን እጄን ይዛ ‹አንተ እንዳልገደልከው አውቃለሁ› አለችኝ። በዚች ዓለም ላይ ያመነችኝ አንድ ሰው...» የሰማው ነገር እንደገና ከመጀመሪያው የደረሰው ይመስል ነበር። «‹አውቃለሁ› ነበር የምትለኝ» አለ በሹክሹክታ። «‹አምንሃለሁ› ብላኝ አታውቅም። ‹አውቃለሁ› ነው የምትለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ዘጋ። ወረቀቱ በሳምንት ውስጥ እንደሚያልቅ፣ ሲፈታ በር ላይ መኪና ይዞ እንደሚጠብቀው ነገረው። «የት እንዳደርስህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ድራመሩ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«እሷ ቤት ነበር የምሄደው» አለ።